የመንግሥት ወፍ

በጣሊያን አገር ግንደ ቆርቁር የመንግሥት ንብረት ነው። ለቀልድ ያልኩት እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ሕግ ቁጥር 157 ገና ከመነሻው የዱር እንስሳትና አዕዋፍ የማይሸጡ የማይለወጡ የመንግሥት ሀብት ናቸው ብሎ ይደነግጋል። ዝቅ ብሎ ደግሞ ልዩ ጥበቃ የሚገባቸውን ሲዘረዝር ተኩላውንና ድቡን ጠርቶ፣ ንስሩንና ጉጉቱን ጠርቶ፣ የግንደ ቆርቁርን ዘር አንድ ሳያስቀር ያስገባል። ጎህ ሳይቀድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ለሶጆርኖ፣ ለመኖሪያ ፈቃድ ማለቴ ነው፣ ስሰለፍ የኖርኩ ሰው ነኝና ይህን ሳነብ ቅናት ቢጤ ሽው አለብኝ። ወፉ ከእንቁላሉ ሲወጣ ጀምሮ የታወቀ ነው። አሻራ አይሰጥ፣ ወረቀት አያሳድስ፣ «ነገ ተመለሺ» አይባል።

ሕጉን ያነበብኩት ታዲያ ወድጄ አይደለም። ወፉ የምንኖርበትን ሕንፃ መብሳት ስለ ጀመረ ነው።

የምንኖርበት ስል የቤቱ ባለቤት ዘጠና ዓመት የሚጠጋቸው ሲኞራ ናቸው፤ እኔ ጧሪያቸው ነኝ፤ እዚህ ባዳንቴ ይሉታል። ሮም ውስጥ ያለው ሰፈራችን ኳርቲዬሬ አፍሪካኖ ይባላል። ቅኝ ግዛት ሲያምራቸው የኖሩ ሰዎች መንገዱን ሁሉ በአፍሪካ ስም ስለ ሰየሙት ቪያሌ ሊቢያ፣ ቪያሌ ኤርትራ፣ ቪያሌ ኢትዮጵያ እያሉ ይሄዳሉ። ፀጉር ቤትም ሆነ ፋርማሲ ወረፋ ላይ አንዱ «ከየት ነሽ?» ሲለኝ «ከኢትዮጵያ» እላለሁ። «ስንት ቁጥር?» ይለኛል። የቤት ቁጥር ማለቱ ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ አስረዳ ነበር፤ አሁን አንዱን ቁጥር ጠርቼ አልፋለሁ።

ከሰፈሩ በስተ ምዕራብ ቪላ አዳ የሚባል ደን መሰል መናፈሻ አለ። ዱሮ የንጉሡ የቪቶሪዮ ኤማኑኤሌ ሣልሳዊ መኖሪያ ነበር፤ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» የሚል ማዕረግ ደርቦ የነበረው ያው ሰውዬ። ሙሶሊኒም እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 1943 ንጉሡን ሊያነጋግር ወደዚያው ገብቶ ሲወጣ ተያዘና በአምቡላንስ ተጭኖ ተወሰደ። ሲኞራን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ በዚያ ሳልፍ ቦታውን አንዴ ገርመም አድርጌ ነው የምሄደው። ቂም አይደለም፣ ልማድ ነው። ዛሬ ንጉሡም ዱቼውም የሉም፤ ዛፉና ግንደ ቆርቁሩ ግን አሉ። ወፎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ጥቁርና ነጭ ሆኖ ከጅራቱ ሥር የቀላው ነው፤ ከበሮ መቺ ነው። ሁለተኛው አረንጓዴ ካባ ለብሶ ቀይ ቆብ የደፋው ነው፤ እሱ ከበሮውን እምብዛም አይነካም፣ ይስቃል። ጩኸቱን የሰማ ሰው አንድ ጎረቤት በሰው ጉዳት የሚሳለቅ ነው የሚመስለው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ያለ ገንዘብ የዚህ ወፍ ጉዳይ አይገባም። ኮሮና የጣሊያንን ኢኮኖሚ ባደቀቀበት በ2020 መንግሥት «ሱፐርቦኑስ» የሚባል ነገር አወጣ። ብርድና ሙቀት እንዳያስገባ አድርጋችሁ ቤታችሁን አድሱ፤ ያወጣችሁትን መቶ በመቶ ሳይሆን 110 በመቶ ከግብር ላይ አስብላችኋለሁ አለ። መንግሥት ሙሉ ሒሳብ ከፍሎ ጉርሻ ሲጨምር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሲኞራ ማመን ስላቃታቸው ጋዜጣውን ደጋግመው አስነበቡኝ። ከተማው የብረት መወጣጫ ለበሰ። ትናንት በር ቀለም ሲቀባ የነበረው ሁሉ የግንባታ ኩባንያ ባለቤት ሆነ። ኋላ ሲደመር መንግሥትን ከ100 ቢሊዮን ዩሮ በላይ አስወጥቶት ተገኘ፤ ዛሬ የሱፐርቦኑስ ስም ሲነሳ የገንዘብ ሚኒስቴር ሰዎች ፊት ይጠቁራል።

በዚያ ገንዘብ ብዙው ሕንፃ ካፖቶ ለበሰ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ነጭ ፎም፣ ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ ታጭቆ የሚመጣው ዓይነት፣ በሰፋፊው ተቆርጦ በውጭ በኩል ግድግዳው ላይ በማጣበቂያ ይለጠፋል፤ በረጃጅም የፕላስቲክ ችንካር ይያዛል፤ በላዩ የክር መረብ ተነጥፎ በስሱ ይለሰንና ቀለም ይቀባል። የልስኑ ውፍረት ከጥቂት ሚሊሜትር አያልፍም። ከመንገድ ማዶ ሆኖ ያየው ሰው ግን ለሺህ ዓመት የተሠራ ይመስለዋል። ጥቅሙን አልክድም፤ የማሞቂያው ሒሳብ ወርዷል፣ ሲኞራም ቤት ውስጥ ሹራብ ማውለቅ ጀምረዋል።

ግንደ ቆርቁር ደግሞ ከመንገድ ማዶ ሆኖ አያይም። ቀርቦ ያንኳኳል። ጥፍሩን ሰክቶ፣ ደረቁን ጅራቱን ምርኩዝ አድርጎ ያንኳኳና ያዳምጣል። ውስጡ ባዶ ድምፅ ከሰጠው ወይ ትል አለበት፣ ወይ ለጎጆ ይመቻል። የምጣድ ገበያ የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሻጭዋ «እንከን ቢገኝበት ከምላሴ ፀጉር» ትላለች፤ እናቴ መልስ አትሰጥም፤ ምጣዱን በአንድ እጇ አንጠልጥላ በጣቷ አንጓ ኳ! ታደርገዋለች። ጥርት ብሎ ከጮኸ ገንዘቧን ከመቀነቷ ትፈታለች፤ ካጉረመረመ ወደሚቀጥለው። የእኛ ግድግዳ ሲንኳኳ አጉረመረመ። መሐንዲሱ የፈረመበትን፣ ባንኩ የተቀበለውን፣ ማኅተም ያረፈበትን ሥራ ወፉ መጥቶ ውስጡ ባዶ ነው አለ። በበኩሌ በዚህ ሁሉ ሱፐርቦኑስ ውስጥ እጁ ላይ ምንም ሳይሸጎጥለት ያየውን የተናገረ ተቆጣጣሪ እሱ ብቻ ነው ባይ ነኝ። የአክሱም ሐውልታችን እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ ነቅለው እስካወረዱት እስከ 2003 ድረስ እዚሁ ሮም ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ ቆሞ ነበር፤ እሱን ቢያንኳኳ ምንቃሩ ነበር የሚያጉረመርመው።

ነገሩ የተገለጠልን በመጋቢት ነው። በመጀመሪያ ከበሮው ብቻ ነበር። ወንዱ በማለዳ በሰከንድ ከአሥር ጊዜ በላይ ይመታል፤ ይህ ለምግብ አይደለም፣ ሚስት ለመጥራትና ጎረቤቱን «እዚህ ሰው አለ» ለማለት ነው። እንዲህ ሲናጥ እየዋለ አንጎሉ እንዴት አይዞርም ብዬ ነበር። ድሮ ራስ ቅሉ ውስጥ እንደ ስፖንጅ ሆኖ ምቱን የሚያበርድለት ነገር አለ ይባል ነበር። በ2022 የቤልጅየሙ አንትወርፕ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናት ግን ጭንቅላቱ ምንም የሚያበርድ ነገር የሌለው ደረቅ መዶሻ ነው፤ የማይጎዳው አንጎሉ በጣም ትንሽ ስለሆነ ነው ይላል። ይህን ለሲኞራ ስነግራቸው የሕንፃውን አስተዳዳሪ ስም ጠሩ።

አንድ ማለዳ መጋረጃውን ስከፍትላቸው «በረዶ!» አሉ። ሮም በበረዶ አትታማም። የሮም ሰው ግን ነጭ ነገር ከላይ ሲወርድ ቶሎ የሚያስበው ተአምር ነው፤ በየዓመቱ ኦገስት 5 ቀን በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ባዚሊካ ከጣሪያው ነጭ የአበባ ቅጠል ይበተናል። በአራተኛው ክፍለ ዘመን እመቤታችን በዚያ በሚያቃጥል በጋ በረዶ አውርዳ ቤተ ክርስቲያኗ የሚሠራበትን ቦታ አመለከተች የሚባለው ትውፊት መታሰቢያ ነው። ሲኞራ ለማማተብ እጃቸውን አንስተው ነበር። እኔ በረንዳ ወጥቼ ቀና አልኩ። ከበላያችን ባለው ፎቅ፣ የሕንፃው ጥግ ላይ፣ ጡጫ የሚያስገባ ክብ ቀዳዳ አለ። ከቀዳዳው የከበሮ መቺው ሳይሆን የዚያ ሳቂታው ቀይ ቆብ ብቅ ይላል፤ አፉን የሞላ ፎም ይተፋል፤ ተመልሶ ይገባል። ፍሬ ፍሬው በሶብላው ላይ፣ በቡናው ስኒ ውስጥ፣ በሲኞራ ነጠላ ጫማ ውስጥ ሰፍሯል። መጥረጊያ ሲያዩ ይሸሻሉ፣ ሲሸሹ ደግሞ ቀሚስ ላይ ይለጠፋሉ። አንዷን ፍሬ ከጣቴ ላይ ለማራገፍ የታገልኩትን ያህል ከጤፍ ጋር ታግዬ አላውቅም።

ጥጉን የመረጠው በከንቱ እንዳይመስላችሁ። ልስኑ ሻከር ያለ ስለሆነ ጥፍሩ ይይዝለታል፤ ጥጉ ደግሞ እንደ ግንድ ያቅፈዋል።

ጉዳዩ ወደ ስብሰባ ሄደ። ጣሊያን ውስጥ ሕንፃ የሚተዳደረው በስብሰባ ነው። ባለቤቶቹ ከስምንት ከበለጡ አስተዳዳሪ መሾም በሕግ ግዴታ ነው፤ የእያንዳንዱ ቤት ድርሻ ከሺህ ይሰላል፤ ድምፅም ዕዳም የሚከፋፈለው በዚያ ነው። ስብሰባው ሁለት ጊዜ ይጠራል። የመጀመሪያው ጥሪ ማንም በማይነቃበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይደረጋል። ማንም አይመጣም፤ እንዳይመጣም ነው የተጠራው። በሁለተኛው ጥሪ ጥቂት ሰው ቢገኝም መወሰን ይቻላልና። የእድር ዳኞቻችን ይህን ብልሃት ቢሰሙ ምልዓተ ጉባኤ ጎደለ ብለው ባልተጨነቁ።

ሲኞራ ደረጃ መውረድ ስለማይችሉ የውክልና ወረቀት ፈርመው እኔን ላኩ። በዚህ አገር ምርጫ ለቀበሌ ሹም እንኳ ድምፅ የማልሰጥ ሰው ከሺህ ሠላሳ ስምንት ድምፅ ይዤ በወፍ ጉዳይ ልፈርድ ምድር ቤት ወረድኩ።

የሦስተኛው ፎቅ ጡረተኛ ቀድመው ተነሱ። «ጠብመንጃ አለኝ» አሉ። ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ጠበቃ ቀና ሳትል ሕጉን አነበበችላቸው፤ የዚህን ወፍ ዘር መግደል ብቻ ሳይሆን መያዝም እስር አለበት፤ እንቁላልና ጫጩት ያለበትን ጎጆ መንካትም አይፈቀድም። ጡረተኛው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው አሰቡ። ከዚያ የዚያን ምሽት ምርጥ ንግግር አደረጉ፦ «እንግዲህ ግድግዳውን ያለበሰው መንግሥት ነው፤ የቀደደው የመንግሥት ወፍ ነው። ታዲያ እኛን ምን አገባን? ሒሳቡን ለመንግሥት ላኩለት!» ተጨበጨበ። አስተዳዳሪው ሒሳቡን በየትኛው አድራሻ እንደሚልክ ጠየቀ።

ምድር ቤት የሚኖሩት ጡረተኛ የላቲን መምህርት ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው እጃቸውን አወጡ። የሮም ሰው ስለ ቧንቧ ሲነጋገር እንኳ ቄሣርን ሳያነሳ አያድርምና አልገረመኝም። «ይህ ወፍ ከሁላችሁ በፊት የገባ ነው» አሉ። ሮም ሳትቆረቆር ላቲዩምን የገዛው የሳቱርን ልጅ ንጉሥ ፒኩስ ኪርኬ የምትባል ጠንቋይ ወድዳው እምቢ ስላላት ግንደ ቆርቁር አደረገችው፤ ኦቪድ ጽፎታል። ወፉ የጦርነት አምላክ የማርስ ወፍ ነው። ሮሙለስና ሬሙስን ተኩላዋ ብቻዋን አላሳደገቻቸውም፤ እሷ ስታጠባ ምግብ በአፉ እያመላለሰ ያጎረሳቸው ግንደ ቆርቁር ነው፤ ፕሉታርክ ይመስክር። ሐውልት የቆመው ለተኩላዋ ብቻ ነው። እኔም በልቤ፣ ሁለት ሕፃን ያጎረሰ ሁሉ ሐውልት ቢቆምለት ሮም ውስጥ ለሐበሻ ሴቶች የሚተርፍ አደባባይ ባልነበረ አልኩ።

«ገና አልጨረስኩም» አሉ መምህርቷ። በድሮዋ ሮም ኤሊዩስ ቱቤሮ የሚባል ዳኛ አደባባይ ተቀምጦ ሲፈርድ ግንደ ቆርቁር መጥቶ ራሱ ላይ አረፈ፤ በእጅ እስኪያዝ ድረስ ንቅንቅ አላለም። ጠንቋዮች ተጠሩ። ወፉን ከለቀቅኸው መንግሥታችን ይጠፋል፤ ከገደልኸው አንተ ትጠፋለህ አሉት። እሱም ወዲያው ወፉን ገደለው፤ ብዙም ሳይቆይ የተነገረው ደረሰበት። ይህን የጻፈው ፕሊኒ ነው።

ሁላችንም ወደ አስተዳዳሪው ዞርን። ወፉን ከነካ እስር፣ ከተወው ሕንፃው ወንፊት። ላብ ሲያወጣ በዓይኔ አየሁ። የዛሬ ሮማዊ ግን የጥንቶቹ ያላወቁት ሦስተኛ መንገድ አለው፤ አጀንዳውን ለሚቀጥለው ስብሰባ አስተላለፈ።

እስከዚያው መፍትሔ የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቋመ። ከላይኛው ፎቅ ያለው ተማሪ ሲነግረን ችግሩ የእኛ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1995 በፍሎሪዳ ማስወንጨፊያው ላይ የቆመችውን የናሳን ዲስከቨሪ መንኮራኩር ነዳጅ ታንክ ግንደ ቆርቁሮች ገብተው በስተውታል። ታንኩ የለበሰው ምን ነበር? ፎም! ወደ 200 የሚጠጋ ቀዳዳ ተቆጠረ፤ ለጁን 8 የታሰበው በረራ እስከ ጁላይ 13 ተገፋ። ጨረቃ የረገጠ ድርጅት ከዚያ በኋላ ምን አደረገ? የፕላስቲክ ጉጉት ተከለ፣ ትልልቅ ዓይን የተሣለበት ፊኛ ሰቀለ፣ ጥሩምባ አስነፋ። ይህን ስሰማ ለአስተዳዳሪያችን አዘንኩለት።

የሚሠራው ነገር የሚታወቅ ነው፤ ኮሚቴውም አወቀው። ቀዳዳው ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላ ቶሎ ይደፈናል፤ ክፍት ከተተወ ለሌላው ወፍ ግብዣ ነው። ጥጉ ላይ ጠንከር ያለ መረብና ወፈር ያለ ልስን ይደረጋል። ንፋስ የሚያወዛውዘው የሚያብረቀርቅ ጥብጣብ ይንጠለጠላል፤ ወፉ እስኪለምደው ድረስ ይሠራል። ዛፍ ላይ የእንጨት ጎጆ ቢሰቀልለት ምናልባት ልቡን ወደዚያ ይመልስ ይሆናል። ከሁሉም ጥሩው ከመጀመሪያውኑ ለስላሳውን ፎም ትቶ ጠንካራውን ማልበስ ነበር፤ ግን መንግሥት ሲከፍል ማን ምጣዱን ያንኳኳል?

ሐምሌ ላይ በገመድ የሚወርዱ ልጆች ሊደፍኑት መጡ። ጣሪያ ላይ ራሳቸውን አስረው እየተወዛወዙ ሲወርዱ ሲኞራ መቁጠሪያቸውን ያዙ። ልጁ ቀዳዳው ጋ ደርሶ «እመቤቴ፣ ተይዟል!» ብሎ ጮኸ። ግንደ ቆርቁሩ ከሄደ ቆይቷል፤ ውስጡ ግን አንድ አረንጓዴ በቀቀን ቁጭ ብላ ትሳደባለች። ሮም በእነዚህ በቀቀኖች ተሞልታለች፤ ሰው በቀፎ አምጥቷቸው አምልጠው የተባዙ ናቸው፤ ዘራቸው ከህንድና ከአፍሪካ ነው፣ እኛም አገር አሉ። የሦስተኛው ፎቅ ሰውዬ በመስኮት ብቅ ብለው «እነዚህስ ሶጆርኖ አላቸው?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ስንት ቁጥር እንደሚኖሩ ልጠይቅልዎት?» አልኳቸው። መስኮታቸውን ዘጉ።

በቀቀኗ በራሷ ጊዜ ወጣች፤ ቀዳዳው ተደፈነ። የወፈረውን ልስን ግን ማንም ሊከፍልበት አልፈቀደም። የሰሜኑ ወገን «እኛን አልበሳን» አለ፤ የምድር ቤቱ «ያ ከፍታ እኛን አይመለከትም» አለ። በመጨረሻ ድምፅ የተሰጠው ከሁሉም ርካሽ ለሆነው ነው፤ ለፕላስቲክ ጉጉት። ሲኞራ ይህን ሲሰሙ ከወንበራቸው ሊነሱ ምንም አልቀራቸው። በጣሊያን ባላገር ዘንድ ጉጉት ጮኸች ማለት ከዚያ ቤት ሬሳ ይወጣል ማለት ነው። እኔም አገሬ ጉጉት ቤቱ ላይ አርፋበት ተኝቶ ያደረ ሰው አላውቅም። በሃይማኖት በካቶሊክና በኦርቶዶክስ፣ በምግብ በፓስታና በእንጀራ ስንከራከር ኖረን በጉጉት ጉዳይ አንድ ሆንን። «ሠላሳ ስምንቱንም በተቃውሞ አስገቢልኝ» አሉኝ። አስገባሁ። ተሸነፍን።

ጉጉቱ ጥጉ ላይ ተተከለ። ቢጫ ዓይን አለው፤ ንፋስ ሲመጣ አንገቱ ይዞራል። ለጥቂት ሳምንት ሕንፃው ጸጥ አለ፤ አስተዳዳሪው ደረቱን ነፍቶ ግቢ ውስጥ መመላለስ ጀመረ። ከዚያ ከቪላ አዳ በኩል ያ ሳቅ መጣ። አረንጓዴው ወፍ አንዴ ዞረ፣ ጥጉን አየ፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ ጉጉቱ ራስ ላይ አረፈና አንኳኳ። ባዶ ፕላስቲክ ስለሆነ ድምፁ እስከ ቪያሌ ኢትዮጵያ ሳይሰማ አልቀረም። የላቲን መምህርቷ ከታች ሆነው «ቱቤሮ!» ብለው አጨበጨቡ። የሚቀጥለው ስብሰባ ጥሪ ትናንት ከበሩ ሥር ገብቷል፤ የመጀመሪያው ጥሪ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፣ አጀንዳ ቁጥር አራት «ጉጉቱን ከግንደ ቆርቁር ስለ መጠበቅ» ይላል።